የገጠር ሕዝብ ማመላለሻ አስተዳደርና አገልግሎት፡- የሮሪንግ ፎርክ ሸለቆ ተሞክሮ

የገጠር ሕዝብ ማመላለሻ አገልግሎት ከከተማው የሚለየው በተሳፋሪ ቁጥር ማነስ ብቻ አይደለም። መንደሮች ተራርቀው የሚገኙ፣ የጉዞው መስመር ረጅም፣ ከቲኬት የሚሰበሰበው ገንዘብም ከወጪው በእጅጉ ያነሰ በመሆኑ አገልግሎቱን ማን እንደሚመራ፣ ጉድለቱን ማን እንደሚሸፍንና ተሳፋሪው ቅሬታውን ለማን እንደሚያቀርብ አስቀድሞ በሕግ ካልተወሰነ አገልግሎቱ አንድ የበጀት ዓመት ሞልቶ ሌላውን ሳይደግም ሊቋረጥ ይችላል።

በዩናይትድ ስቴትስ አሜሪካ፣ በኮሎራዶ ግዛት የሚገኘው የሮሪንግ ፎርክ ትራንስፖርት ባለሥልጣን እነዚህን ጥያቄዎች በሕግና በሕዝብ ድምፅ ለመመለስ ከሞከሩ የገጠር ተቋማት መካከል በብዛት የሚጠቀስ ነው። በሀገሪቱ በገጠር ከሚሠሩት የሕዝብ ማመላለሻ ተቋማት ትልቁ እንደሆነም ይነገርለታል። ይህ ጽሑፍ የተቋሙን አመሠራረት፣ አስተዳደር፣ የገንዘብ ምንጭና አገልግሎት ይዳስሳል። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በኢትዮጵያ አሠራር “ባለሥልጣን” የሚለው መጠሪያ በአብዛኛው ፈቃድ የሚሰጥና የሚቆጣጠር መሥሪያ ቤትን የሚያመለክት ሲሆን፣ የሮሪንግ ፎርኩ ግን ራሱ አውቶቡስ የሚገዛ፣ አሽከርካሪ የሚቀጥር፣ ጋራዥ የሚያስተዳድርና መስመር የሚዘረጋ የሕዝብ ተቋም መሆኑን ከወዲሁ መገንዘብ ያስፈልጋል።

ሸለቆውና ነዋሪው

ሮሪንግ ፎርክ በሮኪ ተራሮች መካከል የሚፈስ ወንዝ ነው። በሸለቆው የላይኛው ጫፍ የአስፐን ከተማ ከባሕር ወለል በላይ በ2 ሺህ 400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች። በታችኛው ጫፍ ወንዙ ከኮሎራዶ ወንዝ ጋር በሚቀላቀልበት ሥፍራ ግሌንውድ ስፕሪንግስ ተቆርቁራለች። ሁለቱን ከተሞች 65 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው አውራ ጎዳና ቁጥር 82 ያገናኛቸዋል። ከአስፐን በስተምሥራቅ ተራራውን አቋርጦ የሚያልፈው የጎዳናው ክፍል በክረምቱ በበረዶ ምክንያት ስለሚዘጋ፣ በዚያ ወቅት ወደ ከተማዋ የሚያስገባውና ከከተማዋ የሚያስወጣው መንገድ ይኸው የሸለቆው ጎዳና ብቻ ይሆናል።

አስፐን በ19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ የብር ማዕድን ማውጫ ነበረች። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ደግሞ በበረዶ ሸርተቴ ስፖርት ታዋቂ የሆነች የቱሪስት ከተማ ሆነች። የቱሪዝሙ ዕድገት የቤትና የቦታ ዋጋን እጅግ በማናሩ፣ በሆቴሎች፣ በሆስፒታል፣ በትምህርት ቤቶችና በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሚሠሩ ብዙ ሠራተኞች መኖሪያቸውን ወደ ታችኞቹ ከተሞች ወደ ባሳልት፣ ካርቦንዴልና ግሌንውድ ስፕሪንግስ፣ ከዚያም በስተምዕራብ ወደ ኒው ካስል፣ ሲልትና ሪፍል ለማድረግ ተገደዋል።

በዚህም ሳቢያ በየማለዳው ወደ ላይ፣ በየምሽቱም ወደ ታች የሚጓዘው ሠራተኛ ቁጥር ከፍተኛ ነው። አገልግሎቱ በቱሪስት አካባቢ የሚሰጥ ቢሆንም ዋነኛ ተጠቃሚው መኪና የሌለው ወይም የነዳጅና የመኪና ማቆሚያ ወጪን መሸከም የማይችለው ደመወዝተኛ ነው። አውቶቡሱ ከቀረ ሠራተኛው ከሥራው፣ ከተማዋም ከሠራተኛዋ ይለያያሉ።

አመሠራረቱ

የአስፐን ከተማና የፒትኪን ካውንቲ ቀደም ሲል የየራሳቸው የአውቶቡስ አገልግሎት ነበራቸው። ካውንቲ ከግዛት በታች ያለ የአስተዳደር እርከን ነው። ሁለቱ አስተዳደሮች በ1983 አገልግሎቶቻቸውን በስምምነት አዋሕደው የጋራ የማመላለሻ ድርጅት አቋቋሙ። ድርጅቱም ቀስ በቀስ አገልግሎቱን ወደ ታችኛው ሸለቆ አስፋፋ።

ይሁን እንጂ በአስተዳደሮች መካከል በሚደረግ ስምምነት ላይ ብቻ የቆመ አገልግሎት ድክመት አለው። እያንዳንዱ ምክር ቤት መዋጮውን የሚወስነው በየዓመቱ በጀቱን ሲያጸድቅ በመሆኑ፣ ገቢ በቀነሰ ጊዜ በመጀመሪያ የሚቀነሰው ለጋራ አገልግሎት የተመደበው ገንዘብ ሊሆን ይችላል። አውቶቡስ ለመግዛትና መናኸሪያ ለመሥራት የሚያስፈልገውን የረጅም ጊዜ ብድር በእንዲህ ዓይነቱ ገቢ ዋስትና ለማግኘትም አዳጋች ነው።

የኮሎራዶ ግዛት ሕግ አውጪ ምክር ቤት በ1997 ያወጣው የገጠር ትራንስፖርት ባለሥልጣናት ሕግ ለዚህ ችግር መፍትሔ የሚሆን መንገድ ከፈተ። በሕጉ መሠረት ከተሞችና ካውንቲዎች በመካከላቸው ውል ተዋውለው፣ ሕዝባቸው በድምፁ ሲያጸድቀው፣ የራሱ ሕጋዊ ሰውነትና የራሱ ታክስ ያለው ባለሥልጣን ማቋቋም ይችላሉ። በኅዳር 2000 በተደረገው ምርጫ የአስፐን፣ የስኖውማስ ቪሌጅ፣ የባሳልት፣ የካርቦንዴልና የግሌንውድ ስፕሪንግስ ከተሞች እንዲሁም የፒትኪን ካውንቲና የኢግል ካውንቲ ከፊል ነዋሪዎች ባለሥልጣኑ እንዲቋቋም ድምፅ ሰጡ። የኒው ካስል ከተማ በ2004 ስትቀላቀል የአባላቱ ቁጥር ስምንት ደርሷል።

የሥራ አመራር ቦርዱ

ባለሥልጣኑ የሚመራው በስምንት አባላት ቦርድ ነው። እያንዳንዱ አባል አስተዳደር አንድ የቦርድ አባልና አንድ ተለዋጭ ይሰይማል። ሕጉ የቦርድ አባላት በየአካባቢያቸው በሕዝብ የተመረጡ ባለሥልጣናት እንዲሆኑ ያዝዛል። በመሆኑም በቦርዱ የሚቀመጡት ከንቲባዎች፣ የከተማ ምክር ቤት አባላትና የካውንቲ ኮሚሽነሮች ናቸው።

የዚህ አሠራር ጥቅምና ጉዳት ግልጽ ነው። የአውቶቡስ መስመር በተሰረዘ ጊዜ ነዋሪው የሚጠይቀው ሰው በስም የሚያውቀውና በሚቀጥለው ምርጫ ድምፅ ሊነፍገው የሚችል የአካባቢው ተመራጭ ነው። በሌላ በኩል ተመራጩ ሁለት ኃላፊነት አለበት። ከአንድ ወገን ለመረጠው ከተማ ጥቅም፣ ከሌላው ወገን ለሸለቆው አጠቃላይ አገልግሎት መቆም ይጠበቅበታል። ትልቅ ገቢ የሚያስገባ አባልም ሆነ አነስተኛ ከተማ በቦርዱ እኩል አንድ አንድ ተወካይ ያለው በመሆኑ ውሳኔዎች በድርድርና በመግባባት ላይ የተመሠረቱ እንዲሆኑ ያስገድዳል።

ቦርዱ በየወሩ በመደበኛነት የሚሰበሰብ ሲሆን፣ ፖሊሲ ያወጣል፣ ዓመታዊ በጀት ያጸድቃል፣ ታሪፍ ይወስናል፣ ዋና ሥራ አስፈጻሚውንም ይሾማል። የዕለት ተዕለት ስምሪት፣ ቅጥር፣ ጥገናና ግዥ የሥራ አስፈጻሚው ኃላፊነት ነው። የፖሊሲና የማስፈጸም ሥራ መለየቱ የቦርድ አባላት በግለሰብ ሠራተኛ ቅጥርና ዝውውር ወይም በአንድ ጨረታ አሸናፊ ላይ እጃቸውን እንዳያስገቡ ይረዳል።

በኮሎራዶ የስብሰባዎች ግልጽነት ሕግ መሠረት የቦርዱ ስብሰባ ለሕዝብ ክፍት መሆን፣ አጀንዳውም አስቀድሞ መገለጽ አለበት። ሰነዶችም በመረጃ ሕጉ ከተዘረዘሩት ልዩ ሁኔታዎች በስተቀር ለጠየቀ ሁሉ ይሰጣሉ። ሂሳቡ በየዓመቱ በገለልተኛ ኦዲተር ይመረመራል።

የገንዘብ ምንጭ

የባለሥልጣኑ ዋነኛ ገቢ በአባል አስተዳደሮች ውስጥ ከሚካሄድ ግብይት ላይ የሚሰበሰብ የሽያጭ ታክስ ነው። የግዛቱ ሕግ ለዚህ ዓይነት ተቋም የሚጣለው የሽያጭ ታክስ ከ1 በመቶ እንዳይበልጥ ገደብ አበጅቷል። የታክሱ ምጣኔ ከአባል አባል ይለያያል። ምክንያቱም እያንዳንዱ አካባቢ ሕዝብ የሚያጸድቀው የየራሱን ምጣኔ ከመሆኑም በላይ አንዳንዶቹ ቀደም ሲል ለትራንስፖርት የተመደበ ሌላ ታክስ ስለነበራቸው ነው።

በኮሎራዶ ሕገ መንግሥት ውስጥ በ1992 የተካተተው የግብር ከፋዮች መብት ድንጋጌ ማንኛውም የአካባቢ መንግሥት አዲስ ታክስ ለመጣልም ሆነ ምጣኔውን ከፍ ለማድረግ አስቀድሞ የሕዝብ ድምፅ እንዲያገኝ ያስገድዳል። ስለሆነም ባለሥልጣኑ አገልግሎቱን ለማስፋት ባቀደ ቁጥር ዕቅዱን፣ ወጪውንና የሚጠበቀውን ውጤት ለመራጩ ማስረዳት ይኖርበታል። በ2008 ለፈጣን አውቶቡስ ፕሮጀክት የተጠየቀው የሽያጭ ታክስ ጭማሪ የጸደቀው በዚህ መንገድ ነው።

የሽያጭ ታክስ ከቱሪዝም ገበያ ጋር አብሮ የሚወጣና የሚወርድ በመሆኑ ባለሥልጣኑ በ2018 ሁለተኛ ምንጭ እንዲፈቀድለት ሕዝቡን ጠየቀ። መራጩም ለግብር ከተገመተ ከእያንዳንዱ 1 ሺህ ዶላር የንብረት ዋጋ ላይ 2 ዶላር ከ65 ሳንቲም የሚታሰብ የንብረት ግብር አጽድቋል።

ሦስተኛው ምንጭ የአገልግሎት ውል ነው። የአስፐን ከተማ በከተማዋ ውስጥ በነፃ ለሚሰጠው አገልግሎት ለባለሥልጣኑ ይከፍላል። የአካባቢው የበረዶ ሸርተቴ ኩባንያም ለደንበኞቹ ማመላለሻ እንዲሁ በውል ይከፍላል። ከተሳፋሪ የሚሰበሰበው ሂሳብ ከአጠቃላይ ወጪው የሚሸፍነው አነስተኛውን ድርሻ ነው።

የፌዴራል መንግሥት ድጋፍና አብሮት የሚመጣው ግዴታ

የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ለገጠር ማመላለሻ ቋሚ ድጋፍ መስጠት የጀመረው በ1978 በወጣ ሕግ ነው። ድጋፉ የሕዝብ ቁጥራቸው ከ50 ሺህ በታች ለሆኑ አካባቢዎች የታሰበ ሲሆን፣ በቀመር ተሰልቶ ለግዛቶች ይከፋፈላል። ቀመሩ ከሕዝብ ቁጥር በተጨማሪ የቆዳ ስፋትን፣ የአውቶቡሶችን የጉዞ ርቀትና የዝቅተኛ ገቢ ነዋሪዎችን ቁጥር ከግምት ያስገባል። ገንዘቡን ተቀብሎ ለአካባቢ ተቋማት የሚያከፋፍለውና አጠቃቀሙን የሚከታተለው የየግዛቱ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ነው።

በመደበኛው አሠራር ፌዴራል መንግሥቱ ለአውቶቡስ ግዥና ለግንባታ እስከ 80 በመቶ፣ ለሥራ ማስኬጃ ጉድለት ደግሞ እስከ 50 በመቶ ይሸፍናል። የተቀረውን አካባቢው ራሱ ማሟላት አለበት። ግዛቶች ከሚደርሳቸው ገንዘብ 15 በመቶውን ከተማን ከከተማ ለሚያገናኙ አውቶቡሶች እንዲያውሉ ይጠበቃል። ይህን ማስቀረት የሚቻለው የግዛቱ አገረ ገዥ ፍላጎቱ መሟላቱን ሲያረጋግጥ ብቻ ነው። በ2020 የኮሮና ቫይረስ ወረርሽኝ በተከሰተ ጊዜ ምክር ቤቱ ባወጣው የአስቸኳይ ጊዜ ሕግ ለማመላለሻ ከመደበው 25 ቢሊዮን ዶላር ውስጥ 2 ነጥብ 2 ቢሊዮኑ ለገጠር የተመደበ ሲሆን፣ የአካባቢ መዋጮም አልተጠየቀበትም።

ድጋፉ ያለ ግዴታ አይሰጥም። ግዥ በግልጽ ውድድር መፈጸም አለበት። አሽከርካሪዎችና መካኒኮች የአልኮልና የአደንዛዥ ዕፅ ምርመራ ይደረግላቸዋል። በፌዴራል ገንዘብ የተገዛ አውቶቡስ ከግል አጓጓዦች ጋር በመወዳደር ለኮንትራት ጉዞ ሊሰማራ አይችልም። ከባድና ትልቅ አውቶቡስ ከመተካቱ በፊት ቢያንስ 12 ዓመት ማገልገል ወይም 800 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል መጓዝ ይኖርበታል። ይህ ዝቅተኛ የአገልግሎት ዘመን ጥገናን ችላ ብሎ አዲስ ግዥ የመጠየቅን ዝንባሌ ለመግታት የተቀመጠ ነው።

ለተሳፋሪው የሚሰጡ አገልግሎቶች

የባለሥልጣኑ መስመሮች ከአስፐን እስከ ሪፍል 110 ኪሎ ሜትር ያህል ይዘልቃሉ። አገልግሎቱ በዓይነቱ በአራት ሊከፈል ይችላል። የመጀመሪያው በሸለቆው ጎዳና ላይ የሚመላለሰው የረጅም ርቀት መስመር ነው። ሁለተኛው በየከተሞቹ ውስጥ የሚዞረው፣ ሦስተኛው እንደ ወቅቱ ሁኔታ ለበረዶ ሸርተቴና ለተፈጥሮ መስህብ ሥፍራዎች የሚሰማራው ነው። አራተኛው በጋርፊልድ ካውንቲ ለአረጋውያንና ለአካል ጉዳተኞች በቀጠሮ ከደጃፋቸው የሚያነሳው አገልግሎት ሲሆን፣ ወጪው በውል ይሸፈናል።

የረጅም ርቀት ታሪፍ በቀጠና የተከፋፈለ ነው። ስምሪቱም ዓመቱን ሙሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ቱሪስት በሚበዛባቸው የበረዶና የበጋ ወራት የአውቶቡሶች ቁጥር ይጨምራል፤ በመካከሉ ባሉት ወራት ደግሞ ይቀንሳል። ይሁንና ሥራው ወቅት የማይለየው የሆስፒታልና የትምህርት ቤት ሠራተኛ እንዳይጉላላ ዋናው መስመር ዓመቱን በሙሉ ይሠራል።

ከሁሉም በላይ ተቋሙን ያስጠራው በመስከረም 2013 ሥራ የጀመረው ፈጣን የአውቶቡስ አገልግሎት ነው። በአሜሪካ በገጠር አካባቢ የተዘረጋ የመጀመሪያው የዚህ ዓይነት አገልግሎት ሲሆን፣ 46 ሚሊዮን ዶላር ያህል ፈጅቷል። ከዚህ ውስጥ 25 ሚሊዮን ዶላር ያህሉ ከፌዴራል መንግሥት የተገኘ ነው። አዲስ መንገድ ከመሥራት ይልቅ በነባሩ ጎዳና ላይ ፌርማታዎችን በመቀነስ፣ አውቶቡስ ሲቃረብ የትራፊክ መብራት ቅድሚያ እንዲሰጠው በማድረግ፣ በተጨናነቁ ሥፍራዎች የማለፊያ ረድፍ በማዘጋጀትና የመኪና ማቆሚያዎችን ከፌርማታዎች አጠገብ በመሥራት ጉዞውን ለማፋጠን ተችሏል። ሠራተኛ በሚበዛባቸው ሰዓቶች አውቶቡስ በ10 ደቂቃ ልዩነት ገደማ ይነሳል። ተሳፋሪው የሚቀጥለው አውቶቡስ መቼ እንደሚደርስም ከፌርማታው ሰሌዳ ላይ ያነባል።

የአገልግሎቱ አስፈላጊነት ጎልቶ ከታየባቸው አጋጣሚዎች አንዱ የ2017ቱ የግሌንውድ ስፕሪንግስ ዋና ድልድይ ግንባታ ነው። አሮጌው ድልድይ ፈርሶ አዲሱ እስኪተካ ለ3 ወራት ያህል መንገዱ በመዘጋቱ፣ ባለሥልጣኑ ከከተማዋ በስተምዕራብ ለሚኖሩ ሠራተኞች ነፃ አውቶቡስ በማሰማራት የመኪና ጭንቅንቅን ለማቃለል ረድቷል።

የተሳፋሪው መብት

በ1964 የወጣው የዜጎች መብት ሕግ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ማንኛውም ተቋም በዘር፣ በቆዳ ቀለም ወይም በትውልድ ሀገር ሳቢያ አድልዎ እንዳይፈጽም ይከለክላል። በሸለቆው ስፓኒሽ ተናጋሪ ሠራተኞች በርካታ በመሆናቸው አስፈላጊ መረጃዎች በቋንቋቸው ጭምር መቅረባቸው ከዚህ ግዴታ ጋር የተያያዘ ነው።

በ1990 የወጣው የአካል ጉዳተኞች ሕግ ደግሞ አውቶቡሶች ለተሽከርካሪ ወንበር ምቹ እንዲሆኑ ያዝዛል። መደበኛ የከተማ መስመር ያለው ተቋም መስመሩን መጠቀም ለማይችሉ አካል ጉዳተኞች ከመስመሩ በ1 ነጥብ 2 ኪሎ ሜትር ክልል ውስጥ ልዩ የቀጠሮ አገልግሎት መስጠት አለበት። ዋጋውም ከመደበኛው ታሪፍ ከእጥፍ ሊበልጥ አይችልም።

ለመንግሥት ሠራተኞች በተለይ ትኩረት የሚስበው የውሳኔ አሰጣጡ ሥርዓት ነው። አመልካቹ የተሟላ ማመልከቻ ካስገባ በኋላ በ21 ቀናት ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠው፣ ውሳኔው እስኪደርሰው ድረስ እንደተፈቀደለት ተቆጥሮ አገልግሎቱን ያገኛል። የተከለከለ እንደሆነ ምክንያቱ በጽሑፍ ይገለጽለታል። ይግባኙንም የመጀመሪያውን ውሳኔ ያልሰጠ ሌላ ሰው ያየዋል። በዚህ አሠራር የቢሮው መዘግየት የሚያስከትለውን ዋጋ የሚከፍለው አመልካቹ ሳይሆን መሥሪያ ቤቱ ይሆናል።

ያልተፈቱ ችግሮች

ተቋሙ ከችግር የጸዳ አይደለም። አንደኛው የአባልነት ጉዳይ ነው። የሲልትና የሪፍል ከተሞችም ሆኑ የጋርፊልድ ካውንቲ የባለሥልጣኑ አባል ሳይሆኑ አውቶቡሱ በዚያ ይመላለሳል። ካውንቲው ድጋፍ የሚያደርግ ቢሆንም በየዓመቱ ውሳኔ ላይ የተመሠረተ በመሆኑ፣ ከ2000 በፊት በመላው ሸለቆ የነበረው ሥጋት በምዕራቡ መስመር ላይ እንዳለ ቀጥሏል። ለመስመሩ መደበኛ ታክስ የሚከፍለውና የማይከፍለው ነዋሪ በአንድ አውቶቡስ መሳፈሩም ተደጋግሞ የሚነሳ ጥያቄ ነው።

ሁለተኛው የአሽከርካሪ እጥረት ነው። በ2021 እና በተከታዩ ዓመት በብዙ የአሜሪካ ተቋማት የታየው እጥረት በሸለቆው የቤት ኪራይ ውድነት ተባብሶ የጉዞ ምልልስን ለመቀነስ አስገድዷል። ሠራተኛን ርካሽ ቤት ካለበት ሥፍራ ወደ ሥራው ለማድረስ የተቋቋመው መሥሪያ ቤት የራሱን ሠራተኞች የሚያሳርፍበት ቤት ፍለጋ ውስጥ ገብቷል። በዚህም ባለሥልጣኑ ከአውቶቡስና ከጋራዥ በተጨማሪ የመኖሪያ ቤቶችን መግዛትና ማስተዳደር የሥራው አካል አድርጎታል።

ሦስተኛው የገቢው ከኢኮኖሚው ጋር አብሮ መዋዠቅ ነው። ከወረርሽኙ በፊት በዓመት 5 ሚሊዮን ያህል የነበረው የተሳፋሪ ምልልስ በ2020 በእጅጉ አሽቆልቁሏል። የንብረት ግብሩ ከሁለት ዓመት በፊት ባይጸድቅና የፌዴራሉ እርዳታ ባይደርስ ኖሮ ጉዳቱ ከዚህ የከፋ ይሆን ነበር።

ከተሞክሮው የሚወሰዱ ነጥቦች

የሮሪንግ ፎርክ ሸለቆ ከብዙ የገጠር አካባቢዎች የሚለይበት አንድ መሠረታዊ ሁኔታ አለ፤ ከፍተኛ የቱሪዝም ገቢ። በመሆኑም የአገልግሎቱን መጠን እንዳለ ወደ ሌላ ሥፍራ መውሰድ አይቻልም። የአስተዳደሩ ሥርዓት ግን ከሀብት መጠን ተነጥሎ ሊታይ የሚችል ነው። አንድ የጋራ መስመር የሚጋሩ አስተዳደሮች ኃላፊነታቸውን በሕግ ወደሚታወቅ አንድ ተቋም ማስተላለፋቸው፣ ገቢውን ከዓመታዊ በጀት ድርድር ማላቀቃቸው፣ የቦርድንና የሥራ አስፈጻሚን ድርሻ መለየታቸው፣ ለተሳፋሪው አቤቱታም የጊዜ ገደብ መቀመጡ ተቋሙን ለአራት አስርት ዓመታት ካቆዩት ምክንያቶች ዋነኞቹ ናቸው። የምዕራቡ መስመር ሁኔታ እንደሚያሳየውም፣ ከእነዚህ አንዱ በጎደለበት ሥፍራ አውቶቡሱ ቢመላለስም ነገ ስለመኖሩ ለተሳፋሪው ዋስትና መስጠት አይቻልም።